ክረምትን የሚችል ሽንት ቤት

ሽንት ቤት የሚቆፈረው በበጋ ነው። የሚፈተነው ግን በክረምት ነው። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከስሕተቴ ነው።

ለማስተማር ወደ አንበሳሜ አካባቢ በመጣሁበት ዓመት፣ ካረፍሁበት ቤት አባወራ ጋር ሆነን በመጋቢት ወር ጉድጓድ ቆፈርን። ቦታውን የመረጥሁት እኔ ነበርሁ። ከቤት የማይርቅ፣ ድንጋይ የሌለበት፣ ዝቅ ያለ ሥፍራ ነው። አባወራው፣ «ልጄ፣ ይህ ዋልካ ነው፤ ክረምት ሲገባ አይታመንም» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን የተማርሁ ነኝ ብዬ አልሰማኋቸውም።

ሐምሌ ላይ ጎርፍ ገባበት። ጉድጓዱ ሞልቶ የውስጡ ሁሉ ወደ ደጅ ፈሰሰ። በሳምንቱ ግድግዳው ተናደ። ልጆች በዚያው ውሃ ሲጫወቱ አየሁ። ትንሿ ልጅ በተቅማጥ ታመመች፤ ደግነቱ ዳነች። እኔ ግን አፈርሁ።

ጉድጓዱ ለምን ተናደ?

ዋልካ በበጋ ይሰነጣጠቃል። በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ሲያብጥ የጉድጓዱን ግድግዳ ይገፋል፤ ድጋፍ ከሌለው ይንደዋል። ደግሞም ዋልካ ውሃ ቶሎ አያሳልፍም። ስለዚህ የገባው ጎርፍ ወደ ታች አይሰርግም፤ ሞልቶ ይፈሳል።

ከጉና ተራራ የሚነሱት ርብና ጉማራ በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዞቹ ሞልተው ሜዳውን አጥለቀለቁት። ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። እንዲህ ያለ ጎርፍ ሲመጣ ሽንት ቤቱና የመጠጥ ውሃው ይገናኛሉ። ተቅማጥና ኮሌራ የሚነሡት ከዚህ ነው።

ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም። በ1846 ዓ.ም. መጨረሻ፣ አፄ ቴዎድሮስ ሊነግሡ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው፣ በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ ኮሌራ በአንድ ሠፈር ገባ። ከ600 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ከሞቱት አብዛኞቹ ከአንድ ጉድጓድ ውሃ ይጠጡ እንደነበር ደረሰበት። ኋላ ሲቆፈር፣ ከውሃው ጉድጓድ አንድ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት የቆሻሻ ጉድጓድ ተገኘ። ግንቡ ላልቶ ቆሻሻው ወደ መጠጥ ውሃው ይሰርግ ነበር።

እንዴት እንሥራ?

1. ከፍ ያለ ቦታ እንምረጥ። ከውሃ ጉድጓድና ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ይህም 30 ሰፊ እርምጃ ያህል ነው። ሽንት ቤቱ ከውሃው በላይ በኩል አይሁን።

2. መስከረም ላይ በጎረቤት ጉድጓድ ውሃው በስንት ሜትር እንደሚገኝ እንይ። የሽንት ቤቱ ወለል ከዚያ ውሃ በላይ 1 ሜትር ተኩል ያህል ይቅር። ውሃው ቅርብ ከሆነ በጥልቅ አንቆፍር፤ አፈር ከምረንና ደልድለን ሽንት ቤቱን ከመሬት ከፍ አድርገን እንሥራ።

3. ጉድጓዱ ክብ ይሁን። ክብ ጉድጓድ ከባለ አራት ማዕዘኑ ይልቅ ግፊት ይችላል። ግድግዳውን በድንጋይ እንካበው። ከአፉ አጠገብ ያለውን ግማሽ ሜትር ውሃ እንዳያስገባ አጥብቀን እንምረገው።

4. ከላይ በኩል ጎርፍ የሚመልስ ቦይ እንቅደድ። ቦዩን በየዓመቱ ሰኔ ከመግባቱ በፊት እንጥረገው።

እንዴት እንጠብቀው?

ሽንት ቤትን ያለ ጊዜው የሚሞላው ዓይነ ምድር ብቻ አይደለም፤ የማይበሰብስ ነገር ነው። ድንጋይ፣ ጨርቅ፣ ፌስታል፣ ጠርሙስና የባትሪ ድንጋይ አንጣልበት። የበቆሎ ቆረቆንዳም ቶሎ አይበሰብስም። የልብስ ማጠቢያ ውሃም አንድፋበት። ሽታና ዝንብ እንዲቀንስ ጥቂት አመድ እንነስንስበት፤ ቀዳዳውንም እንክደነው።

ቆሻሻው ከአፉ ግማሽ ሜትር ሲቀረው በአፈር እንድፈነውና ሌላ እንቆፍር። የተደፈነው ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አይከፈት።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ወደ አሮጌ ሽንት ቤት ጉድጓድ ሰው ፈጽሞ አይግባ! ውስጡ የታመቀው አየር ይገድላል። የወደቀውን ላውጣ ብሎ የሚገባም አብሮ ይሞታል።

በአንበሳሜ ወይም በወረታ ከተማ ቱቦና ሴፕቲክ ታንክ ያለው ቤት የሚኖር ዘመድ ካለን ይህን እንንገረው። አተላ፣ የሊጥ እጣቢና ቅባት ቱቦ ውስጥ ረግተው ይደፍኑታል። አተላው ለከብት ይሰጥ። ቅባቱ ከዕቃው ላይ ተጠርጎ ይጣል። በማጠቢያው ቀዳዳ ላይም ወንፊት ይደረግ።

እኔና አባወራው በኅዳር እንደገና ቆፈርን። በዚህ ጊዜ ቦታውን የመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ድንጋይ ያቀበልሁት እኔ ነኝ። ክረምቱ መጣ፣ ሄደ። ሽንት ቤቱ ግን እንደ ቆመ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለ!

ጥያቄዎች

1. ዋልካ በክረምት ጉድጓድን የሚንደው ለምንድን ነው?
2. የእርስዎ ሽንት ቤት ከውሃ ጉድጓድ ስንት እርምጃ ይርቃል? ለክተው ቁጥሩን ይጻፉ።
3. ወደ ሽንት ቤት የማይጣሉ አራት ነገሮችን ይጻፉ።