ትምህርት 14፦ ቴምዝ፣ ብዕርና ሥዕል ያዩት ወንዝ

ዛሬ ስለ አንድ የሩቅ አገር ወንዝ እናነባለን። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ወንዙ ቴምዝ ይባላል። በእንግሊዝ አገር የለንደንን ከተማ መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ወደ ባሕር ይገባል። ርዝመቱ 346 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለንደን ያደገችው በዚህ ወንዝ ነው። መርከብ የሚገባው በእርሱ፣ ሸቀጥ የሚወጣው በእርሱ ነበር።

ዎርድስዎርዝ የተባለ ገጣሚ በ1802 ዓ.ም. በማለዳ ከድልድይ ላይ ያየውን የከተማውን ውበትና የወንዙን ጸጥታ በግጥም ገለጠ። ግን ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለም ወይ? ሕዝቡ በዛ። የመጸዳጃው ዓይነ ምድር፣ የፋብሪካው ቆሻሻ ሁሉ ወደ ቴምዝ ይለቀቅ ጀመር። ያንኑ ውኃ ብዙ ሰው ይጠጣው ነበር። ኮሌራ ተደጋግሞ ገባና ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ።

በ1854 ዓ.ም. ጆን ስኖው የተባለ ሐኪም ሟቾች ከየት የተቀዳ ውኃ እንደጠጡ ቤት ለቤት እየጠየቀ መዘገበ። ከከተማው በላይ የተቀዳ ውኃ ከሚጠጡት ይልቅ ቆሻሻ ከገባበት የተቀዳ የሚጠጡት እጅግ በዝተው መሞታቸውን አሳየ። ግን ብዙዎቹ በሽታው ከመጥፎ ሽታ ይመጣል ብለው ያምኑ ስለ ነበር ቶሎ አልተቀበሉትም።

በ1855 ዓ.ም. ደግሞ ፋራዴይ የተባለ የሳይንስ ሊቅ በጀልባ ሲሄድ ነጭ ወረቀት ቆራርጦ ውኃው ውስጥ ጣለ። ወረቀቱ የአውራ ጣት ወርድ ያህል እንኳ ሳይሰምጥ ከዓይን ጠፋ። ሊቁ ያየውን ለጋዜጣ ጻፈ።

በ1858 ዓ.ም. ሙቀቱ ሲበረታ ወንዙ ከተማውን በሽታ አጠነው። የሕግ አውጪዎቹ ምክር ቤት ከወንዙ ዳር ነበርና አባላቱ መቀመጥ አቃታቸው። መጋረጃውን ሽታ በሚያጠፋ የኖራ መድኃኒት ቢነክሩትም አልረዳቸውም። ፓንች የተባለ መጽሔት ሞትን አጽም አድርጎ በቴምዝ ላይ ጀልባ ሲቀዝፍ ሣለው። ሥዕሉ ማንበብ ለማይችል ሰው እንኳ የሚገባ ነበር።

ድሀው ሲሞት የዘገየው ሕግ፣ ሽታው ከባለሥልጣኖች አፍንጫ ሲደርስ በዚያው ዓመት ወጣ! ባዛልጌት በተባለ መሐንዲስ መሪነት ከመሬት በታች 130 ኪሎ ሜትር ያህል ዋና የቆሻሻ ቦይ በጡብ ተሠራ። ከ1866 ዓ.ም. ወዲህ የኮሌራ ወረርሽኝ ወደ ለንደን አልተመለሰም።

ቆሻሻው ግን ከከተማው በታች ወንዙ ውስጥ ይለቀቅ ነበር። የላይኛው ሲድን የታችኛው ተጎዳ። በ1957 ዓ.ም. ሊቃውንት በወንዙ የከተማ ክፍል ሕይወት የለም እስከ ማለት ደረሱ። ከዚያ በኋላ ቆሻሻውን አጣርቶ መልቀቅ ተጠናከረ። በ1974 ዓ.ም. ንጹሕ ውኃ የሚወደው ሳልሞን የተባለ ዓሣ እንደ ገና በቴምዝ ተገኘ። የሞተ የተባለው ወንዝ ዳነ ማለት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? ጥሩ ውኃ ጥቂት በጥቂት ሊበላሽ ይችላል። የሚያምር ውኃ ሁሉም ንጹሕ አይደለም። መጸዳጃ ከምንጭ በላይ አንቆፍር። ከወንዝ የቀዳነውን አፍልተን እንጠጣ። ከእኛ በታች የሚቀዳ ሰው መኖሩን አንርሳ።

ሌላም አለ። ስኖው ባይመዘግብ፣ ፋራዴይ ባይጽፍ፣ ሠዓሊው ባይሥል የለንደን ድሀ ሞት ተረስቶ በቀረ ነበር። እናንተም አሁን ብዕር ይዛችኋል። በመንደራችሁ ያያችሁትን ጻፉ።

ጥያቄዎች
1. ፋራዴይ ወረቀቱን ውኃ ውስጥ ለምን ጣለ?
2. ሕጉ የወጣው መቼ ነው? ለምንስ ዘገየ?
3. የመንደራችሁ ውኃ ከየት ይመጣል? ከእናንተ በታችስ ማን ይጠጣዋል? አምስት መስመር ጻፉ።