ስለ ሞተር ብስክሌት ባትሪና ስለ ሞተር አለመነሣት የሚያስረዳ ትምህርት

ለክቡራን አገር ገዢዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለ ይዞታዎች ሁሉ።

በምዕራብ ሐረርጌ ከጭሮ፣ በቀድሞው ስሟ ከአሰበ ተፈሪ፣ ተነሥቶ ወደ በደሳና ወደ ገለምሶ የሚሄድ ሰው የጨርጨርን ደጋ ያያል። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ቡናውና ወደ ማሽላው እርሻ ለመድረስ መኪና የማይገባበት ስፍራ ብዙ ስለ ሆነ፣ የግብርናው ባለሙያና የከብቱ ሐኪም የሚገሠግሡት በሞተር ብስክሌት ነው። እንግዲህ ሞተሩ አልነሣም ባለ ቀን የሚቀረው ነጂው ብቻ አይደለም፤ በበረዶ ሣጥን የተያዘው የከብት ክትባት ይሞቃል፤ በበቆሎ ላይ የወረደውም ተባይ ቀን አይሰጥም። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ ተምች ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ካልተደረሰበት፣ በተጠቀለለው ቅጠል ውስጥ ገብቶ መድኃኒት በቀላሉ የማያገኘው ይሆናልና፣ የአንድ ቀን መዘግየት ምን ያህል እንደሚጎዳ ገበሬው ያውቃል።

ይህን ትምህርት ለመጻፍ ያነሣሣን በአንድ መሥሪያ ቤት ያየነው ነገር ነው። ሞተሩ አልነሣም ባለ ጊዜ አዲስ ባትሪ ተገዛለት፤ ጥቂት ሳምንት ሠርቶ ሞተ። ሁለተኛም ተገዛ፤ እርሱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ አንድ አስተዋይ ባለ እጅ መርምሮ፣ ከዲናሞው የሚመጣው ሽቦ ተቃጥሎ መበጠሱን አገኘ፤ በጥቂት ገንዘብም ጠገነው። ሁለቱ ባትሪዎች ያለ ኃጢአታቸው ተፈረደባቸው ማለት ነው።

ባትሪ ማለት ጎተራ ነው እንጂ እርሻ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. ጋስቶን ፕላንቴ የሚባል የፈረንሳይ ሊቅ በእርሳስና በአሲድ የሠራው ባትሪ፣ የሰጡትን ኤሌክትሪክ አስቀምጦ መልሶ ይሰጣል፤ ከራሱ ግን አያፈራም። የሚያፈራው ሞተሩ ሲሠራ አብሮ የሚዞረው ዲናሞ ነው። ጎተራው ባዶ ሆኖ ቢገኝ ብልህ ባለቤት ጎተራውን ከመለወጡ በፊት እርሻውን ይጠይቃል። ስለዚህ ምርመራው በሚከተለው ተራ ይሁን።

1ኛ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ቀላሉን መመልከት ነው። ቤንዚን አለን? መክፈቻውስ ተከፍቷልን? በእጀታው ላይ ያለው ቀይ ማጥፊያ ተዘግቶ እንደ ሆነ ሞተሩ ከቶ አይነሣም። ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑ፣ የጎን መቆሚያውም መታጠፉ ይታይ፤ በአንዳንድ ሞተር መቆሚያው ካልታጠፈ ወይም ፍሪሲዮኑ ካልተያዘ ኤሌክትሪኩ እንዲቋረጥ ተደርጎ ተሠርቷልና።

2ኛ፤ ቁልፉን ከፍቶ መብራቱን ማብራት፣ ከዚያም የማስነሻውን ቁልፍ ተጭኖ ማድመጥ ነው። መብራትም ድምፅም ከሌለ ፊውዙ ተቃጥሏል፣ ወይም ሽቦ ተነቅሏል፣ ወይም ባትሪው ፈጽሞ አልቋል። መብራቱ ደክሞ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ብቻ ከተሰማ ባትሪው ደክሟል ወይም ጫፎቹ ዝገዋል። መብራቱ ሳይደክም ሞተሩ ካልዞረ ጉድለቱ በቁልፉ ወይም በሞተሪኖው በኩል ይፈለግ። ሞተሩ በኃይል እየዞረ ካልተነሣ ግን ባትሪው ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ከቤንዚኑ ወይም ከካንዴላው ነው።

3ኛ፤ የባትሪውን ጫፎች ማየት ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ከያዛቸው፣ አስቀድሞ የኔጋቲቩን ሽቦ፣ ቀጥሎ የፖዘቲቩን ፈትቶ፣ አሲድ በሚያበርድ የቢካርቦኔት ሶዳና በሙቅ ውሃ አጥቦ ማድረቅ፣ ሲመልሱም ፖዘቲቩን አስቀድሞ ኔጋቲቩን በመጨረሻ አጥብቆ ማሰርና ቫዝሊን መቀባት ይገባል።

4ኛ፤ ሞተሩ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ባትሪውን በቴስተር መለካት ነው። የ12 ቮልት ባትሪ 12.6 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.4 ቢሆን ሦስት አራተኛ ያህል አለው፤ 12.0 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሊያልቅ ቀርቧል። ማስነሻው ሲጫኑት ከ9.5 በታች የሚወርድ ባትሪ ሞልቶ ሳለ እንዲህ ካደረገ አርጅቷልና ይለወጥ።

5ኛ፤ ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ነው። ጥቁር ጥላሸት ይዞ ከረጠበ ቤንዚኑ በዝቷል። በደሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር የማያንስ ከፍታ ስላላት አየሩ ስስ ነው፤ በቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር በደጋ ቤንዚን ያበዛል። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ቢደፈንም እንዲሁ ይሆናል። ካንዴላው ብዙ ጊዜ ካዞሩትም በኋላ ፈጽሞ ደርቆ ከተገኘ ግን ቤንዚኑ አልደረሰውም።

6ኛ፤ ብዙዎች የሚዘነጉት ይህ ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ጋዝ እየሰጡ ባትሪውን እንደ ገና መለካት ያስፈልጋል። ከ13.5 እስከ 14.8 ቮልት ቢያሳይ ዲናሞው ይመግባል። ካረፈበት ቁጥር ከፍ ካላለ እርሻው አላፈራምና ዲናሞው፣ ሬጉሌተሩና ሽቦዎቹ ይመርመሩ። ከ15 በላይ ከወጣም ሬጉሌተሩ ተበላሽቶ ባትሪውን እያፈላው ነው። ይህ ሳይለካ አዲስ ባትሪ መግዛት በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው።

ስለ አጠባበቁም፦ ባትሪ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ከራሱ እየደከመ ይሄዳል፤ በሙቀት ስፍራ ደግሞ ይበልጥ ይፈጥናል። ባዶ ሆኖ የሰነበተ ባትሪ በውስጡ ያለው እርሳስ ይደነድንና ዳግመኛ አይሞላም። ስለዚህ የቆመ ሞተር ቢያንስ በየወሩ ባትሪው ይሞላ፤ ሞተሩን አስነሥቶ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ማቆም አይበቃም። የሚሞላበት መጠን ከባትሪው ይዞታ አንድ አሥረኛ ይሁን፤ ይኸውም ለ7 አምፔር ሰዓት ባትሪ 0.7 አምፔር ነው። የሚከፈት ባትሪ ውሃው ሲጎድል የተጣራ ውሃ ብቻ ይጨመርበት፤ አሲድ አይጨመር። የታሸገው ግን አይከፈት። በሚሞላበት ጊዜ የሚቀጣጠል አየር ስለሚወጣው እሳትና ሲጋራ አይቅረበው። አሲዱ ዓይን ቢነካ ወዲያው በብዙ ውሃ አጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ያረጀ ባትሪም በእርሻ ወይም በወንዝ አይጣል፤ እርሳሱ መርዝ ነውና።

እንግዲህ ክቡራን ሹማምንት፣ አዲስ ባትሪ ይገዛልን የሚል ጽሕፈት በቀረበላችሁ ጊዜ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ቁጥር ጠይቁ፤ ሞተሩ ሲያርፍ ስንት ቮልት አሳየ? ሲሠራስ ስንት አሳየ? መልሱ በመዝገብ ይጻፍ። የአንድ ቴስተር ዋጋ ከከንቱ ባትሪዎች ዋጋ ያንሳል። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል እንዳሉት፣ ዛሬ በጥቂት ድካም የተመረመረ ሞተር ነገ ክትባቱን ሳይሞቅ፣ ባለሙያውንም ተምቹ ሳይቀድመው ወደ ገበሬው ደጅ ያደርሳል።