በኖርዌይ አሜሪካውያን ሴቶች ክበብ እንግዳ ተናጋሪ ሲጋበዝ፦ ደረጃ በደረጃ

የኖርዌይ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያት በክበብ መሰባሰብ ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። «የኖርዌይ ሴት ልጆች» የተባለው ማኅበር በሲያትል የመጀመሪያውን ሎጅ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። በሚኒያፖሊስም «ላክሰላገት» የሚባል የሴቶች ማኅበር አለ። ምሳ፣ ቡናና እንግዳ ተናጋሪ የእንዲህ ዓይነት ክበቦች የተለመደ መርሐ ግብር ናቸው።

የፕሮግራም ኃላፊነቱ ለእናንተ ከደረሰ አንድ ነገር ያዙ፦ አድማጮቻችሁ ስለ ኖርዌይ በጥቅሉ ብዙ ሰምተዋል። ፊዮርዱን፣ ቫይኪንጉን፣ የአያታቸውን ሻንጣ ያውቃሉ። ስለ ሁሉም ነገር ጥቂት ጥቂት የሚነግራቸው ሰው አዲስ ነገር አያስይዛቸውም። ስብሰባው የሚያምረው ርዕሱ ሲጠብ ነው፤ የሚከተሉት ደረጃዎች ሁሉ ወደዚያ ያደርሳሉ።

1. ቀኑን ምረጡ

ቢቻል ከሦስት እስከ ስድስት ወር አስቀድማችሁ ጀምሩ። ሚኒሶታን በመሰለ አገር ጥርና የካቲት በረዶና በረዷማ መንገድ ስለሆኑ፣ የቤት ውስጥ የቪዲዮ ስብሰባ ወይም በቅርብ የሚገኝ ተናጋሪ ያዙ። በዕድሜ የገፉ አባላት በማታ መንዳት ስለሚከብዳቸው የእኩለ ቀን ምሳ ከእራት ይሻላል።

ከዚያ የማኅበረሰቡን የበዓል ቀኖች ተመልከቱ። ፌብሩዋሪ 6 የሳሚ ሕዝብ ቀን ነው። ሜይ 17 እ.ኤ.አ. በ1814 በአይድስቮል የጸደቀው ሕገ መንግሥት የሚዘከርበት ነው፤ በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ በሰልፍና በድግስ ስለሚጠመድ ንግግሩን ከሳምንት በፊት ማድረግ ይመረጣል። ኦክቶበር 9 ቫይኪንግ አሳሹ ሌይፍ ኤሪክሰን የሚታወስበት ቀን ሲሆን፣ ከኖርዌይ በቡድን የተነሡትን የመጀመሪያ ስደተኞች የያዘችው መርከብ ኒውዮርክ የደረሰችውም በዚሁ ዕለት ነበር።

2. ርዕሱን ወደ አንድ ጥያቄ አጥብቡ

«የኖርዌጂያውያን ስደት ታሪክ» ለመጽሐፍ እንጂ ለግማሽ ሰዓት አይሆንም። ይልቅስ መርከቧን ራሷን ያዙ። «ሬስታውራሾን» የተባለችው ትንሽ ጀልባ እ.ኤ.አ. በጁላይ 4 ቀን 1825 ከስታቫንገር 52 ሰዎችን ይዛ ወጣች፤ በጉዞው ላይ አንዲት ሕፃን ተወልዳ 53 ሆነው ደረሱ። ኒውዮርክ ሲገቡ ግን የአሜሪካ ሕግ ለመርከቧ መጠን ከሚፈቅደው በላይ ሰው በመጫኗ ተያዘች፤ ከቅጣቱ ምሕረት ያደረጉላቸው ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ናቸው። እንግዲህ ጥያቄው «መርከቧ ለምን ተያዘች?» ከሆነ፣ ሕጉም፣ ድህነቱም፣ ተስፋውም፣ ሕፃኗም በአንድ ታሪክ ውስጥ ይመጣሉ።

በዕደ ጥበብም እንዲሁ ነው። «የኖርዌይ ጥበብ» ከማለት «የሃርዳንገር ጥልፍ ክር እየተቆረጠ እየተመዘዘ እንዴት ይሠራል?» በሉ። ርዕሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በጥያቄ ምልክት መጨረስ ካቃታችሁ ገና ሰፊ ነው።

3. ለጥያቄው የምትመልስ ሰው ፈልጉ

ብዙ ክበቦች ስመ ጥር ሰው ፈልገው ርዕሱን ለእሱ ይተዉታል። እናንተ ግን ጥያቄውን አስቀድሙና ሰውየው ወይም ሴትየዋ ይከተሉ። መነሻ የሚሆኑ ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦

• ለዕደ ጥበብ፦ በዴኮራ፣ አዮዋ የሚገኘው የቬስተርሃይም ሙዚየም። ሮሰማሊንግ የተባለውን የአበባ ቅብ፣ ሽመናንና የእንጨት ቅርጽ የሚያስተምሩ ባለሙያዎች አሉት።
• ለታሪክ፦ እ.ኤ.አ. በ1925 የተመሠረተውና በኖርዝፊልድ፣ በሴንት ኦላፍ ኮሌጅ የሚገኘው የኖርዌይ አሜሪካውያን ታሪክ ማኅበር።
• ለቋንቋና ለአምልኮ፦ በሚኒያፖሊስ የሚገኘው የሚንደሺርከን ቤተ ክርስቲያን።
• በሲያትል ላላችሁ፦ በባላርድ ሰፈር ያለው ብሔራዊ የኖርዲክ ሙዚየም።

ጎረቤትም አትርሱ። በሚኒያፖሊስ የሲዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር በአንድ ወቅት የስካንዲኔቪያ ስደተኞች መናኸሪያ ነበር፤ ዛሬ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች የሚኖሩበት ነው። «በአንድ ጎዳና ላይ የመጀመሪያውን ሥራ ማን አገኘ፣ እንዴትስ አገኘ?» የሚል ጥያቄ ላይ የኖርዌይ ስደተኛ የልጅ ልጅና ከአዲስ አበባ የመጣች ሴት ጎን ለጎን ቢናገሩ ሁለቱም ወገን የሚያዳምጠው ነገር አለ።

4. ግብዣውን በጽሑፍ አድርጉ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በስልክ የተባለ ነገር ስልኩ ሲዘጋ ይረሳል። ደብዳቤው ወይም ኢሜይሉ እነዚህን ይያዝ፦ ቀን፣ ሰዓትና አድራሻ፤ የንግግሩ ርዝመት (30 ደቂቃ) እና የጥያቄ ጊዜ (15 ደቂቃ)፤ የአድማጮች ግምት፤ የሚከፈለው የምስጋና ገንዘብና የጉዞ ወጪ፤ ምሳ በክበቡ ወጪ መሆኑን፤ የመኪና ማቆሚያውን፤ መልስ የሚጠበቅበትን ቀን። ክፍያ ከሌለ ያንኑ በግልጽ ጻፉ። ርዕሱን እንዲህ አስቀምጡት፦

«አባሎቻችን ሬስታውራሾን ኒውዮርክ ስትደርስ ለምን እንደተያዘች ማወቅ ይሻሉ። እርስዎ ይህንን ቢያብራሩልን ደስ ይለናል። ለሙያዎ ከዚህ የሚቀርብ ሌላ ጥያቄ ካለዎት ደግሞ ይንገሩን።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አስፈላጊ ነው፤ ባለሙያዋ ከእናንተ የበለጠ ጥሩ ጥያቄ ይኖራት ይሆናል።

5. ሁለት ሳምንት ሲቀር ደውሉ

አራት ነገር ጠይቁ፦ በምን እንደምትጀምር፣ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚያስፈልጋት፣ የማትበላው ምግብ ካለ፣ ስሟ በትክክል እንዴት እንደሚጠራ። ስላይዷ ከ20 በላይ ከሆነ እንድትቀንስ በትሕትና ንገሯት። ፎቶግራፍ ማንሣትና ቪዲዮ መቅረጽ ከፈለጋችሁ አሁኑኑ ፈቃድ ውሰዱ። ለአባላትም ማስታወቂያ ላኩ፤ ከርዕሱ ጋር የሚሄድ ዕቃ (ደብዳቤ፣ ጥልፍ፣ ፎቶግራፍ) ያላት ይዛ እንድትመጣ ጨምሩበት።

6. አዳራሹን አዘጋጁ

ወንበሮቹ ሁሉ ተናጋሪዋን እንዲያዩ አድርጉ፤ ክብ ጠረጴዛ ላይ ጀርባ ሰጥታ የተቀመጠች ሴት ግማሹን አትሰማም። ማይክሮፎን የግድ ነው። «ድምፄ ይበቃል» የምትል ተናጋሪ ብትኖርም፣ ከኋላ የተቀመጡት በዕድሜ የገፉ አባላት «አልሰማንም» ለማለት ያፍራሉ። ለመጡት ዕቃዎች አንድ ጠረጴዛ ከበሩ አጠገብ ይመደብ፤ እያንዳንዱ ዕቃ የባለቤቷ ስም የተጻፈበት ወረቀት ይኑረው።

ምግቡ ቀላል ይሁን፦ ፊቱ ክፍት የሆነ የኖርዌይ ሳንድዊች፣ በድንች የሚጋገር ሌፍሰ የተባለ ስስ ቂጣ፣ ቡና። ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው፦

• 30 ደቂቃ፦ መድረሻ፣ ሰላምታ፣ ዕቃ ማየት
• 40 ደቂቃ፦ ምሳ
• 5 ደቂቃ፦ የተናጋሪዋ ትውውቅ
• 30 ደቂቃ፦ ንግግር
• 15 ደቂቃ፦ ጥያቄ
• 10 ደቂቃ፦ ማስታወቂያና ምስጋና

ከማዕድ ሲነሡ «ታክ ፎር ማተን» ብሎ ስለ ምግቡ ማመስገን የኖርዌይ ወግ ነው። ይህን ምልክት አድርጉት፦ ምስጋናው ሲባል ሳህኖቹ ይነሡ፤ ንግግሩ ሲጀመር የሚንኳኳ ሳህን አይኑር።

7. በአጭሩ አስተዋውቁ

ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ማን እንደሆነች፣ ጥያቄውን ለመመለስ ምን እንዳበቃት፣ ጥያቄው ራሱ ምን እንደሆነ። ዲግሪና ሽልማት መዘርዘር ከንግግሩ ጊዜ ይቀማል። ንግግሩ ሊያበቃ አምስት ደቂቃ መቅረቱን የምታሳይ አንዲት ሴት ከፊት ረድፍ አስቀምጡ።

8. የጥያቄውን ጊዜ ምሩ

ጥያቄ ሲከፈት ዝምታ እንዳይሰፍን ሁለት አባላት ጥያቄ ይዘው ይቆዩ። ከዝምታ ይልቅ የሚበዛው ግን የቤተሰብ ታሪክ ነው፤ አንዷ የአያቷን ጉዞ መተረክ ትጀምርና አሥር ደቂቃ ይሄዳል። ታሪኩ ዋጋ አለው፤ ጊዜው ግን የእንግዳዋ ነው። መሪዋ እንዲህ ትበል፦ «ይህን ታሪክ ስብሰባው ሲያልቅ ከዕቃው ጠረጴዛ ዘንድ እንስማው፤ አሁን ለእንግዳችን ጥያቄዎን ያቅርቡ።» ይህ አነጋገር ተናጋሪዋንም አባላቱንም ሳያስቀይም ያልፋል።

9. በዕለቱና በማግስቱ

የምስጋናው ገንዘብ በፖስታ ሆኖ ተናጋሪዋ ሳትወጣ ይሰጣት። በሁለት ቀን ውስጥ የምስጋና ደብዳቤ ላኩ፤ አባላት የተናገሩትን አንድ የተለየ ነገር ጥቀሱበት። የንግግሩን ርዕስ፣ ቀንና የተነሡትን ጥያቄዎች በክበቡ መዝገብ ላይ አስፍሩ።

በተለይ መልስ ሳያገኙ የቀሩትን ጥያቄዎች በሚገባ ጻፉ። ስለ መርከቧ የሰሙት አባላት «ሕፃኗ በኋላ የት ኖረች?» ብለው ከጠየቁ፣ የሚቀጥለው ስብሰባ ርዕስ ተገኘ ማለት ነው፤ የሚፈለገው ለእሱ የምትመልስ ሰው ብቻ ነው።