በካርቱም የቤት ወርክሾፕ ውስጥ የኤሌክትሪክ ቱቦ በግድግዳ ላይ ስለ መዘርጋት

የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ በግድግዳ ላይ ሲዘረጋ ቀጥ ብሎ መታየት የሚገባው ለዓይን ውበት ብቻ አይደለም። የተስተካከለ መሥመር ጉድለቱ ሳይዘገይ ይታወቃል፤ የተዘበራረቀ መሥመር ግን አደጋውን ሰውሮ ያቆያል።

ይህ ትምህርት በተለይ ለካርቱም ነዋሪዎች ይጠቅማል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ዘራፊዎች መዳቡን ለመሸጥ ሲሉ ከብዙ ቤቶች ሽቦውን መዝዘው ወስደዋል። በ2017 ዓ.ም. ሠራዊቱ ከተማይቱን መልሶ ከያዘ ወዲህ ወደ ቤቱ የተመለሰና ሽቦው የተወሰደበት አናጢ ወይም ብረት ሠሪ፣ መጋዙንና ትራፓኖውን ለማንቀሳቀስ መሥመሩን እንደ ገና መዘርጋት ግድ ይሆንበታል። ግድግዳውን ቦርቡሮ ከመቅበር ይልቅ ቱቦውን በላዩ ላይ ማስኬድ ወጪን ይቀንሳል፤ ኋላም ለመመርመር ይመቻል።

አስቀድሞ ዋናውን ማጥፊያ መዝጋትና ኃይል አለመኖሩን በመፈተሻ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከዚያም መሥመሩ ቀለም በተነከረ ሲባጎ ይመታል፤ አግድሙ በውሃ ልክ፣ ቁመቱ በቱንቢ ይስተካከላል። ቱቦው በሰያፍ መሄድ የለበትም፤ ምስማር የሚመታ ሰው ሽቦው በየት እንደሚያልፍ አይቶ ሊያውቅ ይገባዋልና። ጣውላና ብረት እንዳይገጨውም ከሥራ ጠረጴዛው ከፍ ብሎ ይለፍ።

የተቆረጠው የቱቦ ጫፍ ስለት የሽቦውን ልባስ እንዳይልጥ በሞረድ ይስተካከል። በሁለት ሳጥኖች መካከል ከሁለት በላይ የማዕዘን እጥፋት ባይኖር መልካም ነው፤ ያለዚያ ሽቦው ሲሳብ ይጎዳል። ሽቦዎቹ የቱቦውን ውስጥ ከግማሽ በላይ ሊሞሉት አይገባም። ሽቦ ከሽቦ የሚቀጠለው ስካቶላ በሚባለው ሳጥን ውስጥ እንጂ በቱቦው ውስጥ ከቶ አይደለም።

በካርቱም ከሚያዝያ እስከ ሰኔ የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴልሲየስ ያልፋል። 4 ሜትር የሚረዝም የፕላስቲክ ቱቦ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 8 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ስለዚህ በየ1 ሜትሩ ማቀፊያ ይደረግለት፤ ነገር ግን እንዳይጎብጥ መንሸራተቻ ይተውለት። ሽቦውም ቢሆን በሙቀት አቅሙ ይቀንሳል። በ30 ዲግሪ 20 አምፔር የሚሸከም ፕላስቲክ ለበስ ሽቦ በ45 ዲግሪ የሚችለው 16 አምፔር ያህል ብቻ ነው፤ ቆራጩ ብሬከርም በዚሁ ልክ ይመረጣል። ሀቡብ የተባለው የአቧራ ማዕበል ከእንጨት ብናኝ ጋር ወደ ሳጥኖቹ እንዳይገባ ክዳኖቹ በሚገባ ይገጠሙ፤ የማያገለግሉ ቀዳዳዎችም ይደፈኑ።

አረንጓዴና ቢጫ መልክ ያለው የመሬት ሽቦ ወደ እያንዳንዱ ሶኬት መድረስ አለበት። ቱቦው ብረት ከሆነ እርሱም ከመሬት ሽቦው ጋር ይያያዛል። ከመሥመሩ አፈትልኮ ወደ መሬት የሚፈስሰው ኮረንቲ 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ ኃይሉን የሚቆርጥ መሣሪያ ቢጨመር የሠራተኛውን ሕይወት ያድናል።

ሥራው ሲፈጸም ኃይሉ ከመከፈቱ በፊት የሽቦው ልባስና የመሬቱ መሥመር በባለሙያ ይፈተኑ። የከተማ አስተዳደር ሹማምንትም ነዋሪዎች ይህን ፈተና እንዳይዘሉ ቢመክሩ፣ ከጦርነት የተረፈው ቤት በእሳት እንዳይጠፋ ይረዳሉ።