ሙቀቱ የጋቢው አይደለም

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ እንጦጦ ጫካ ዳር ቆመው ያውቃሉ? ባሕር ዛፉ ጤዛውን ገና አላራገፈም። ቤተ ክርስቲያን ስመው የሚመለሱ አንድ አባት ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ቁልቁል ይወርዳሉ። በዚያው መንገድ ሯጮች ተከታትለው ዳገቱን ይወጣሉ፤ ከጀርባቸው እንፋሎት ይነሳል። አባት ሙቀታቸው እንዳያመልጥ ይጠብቃሉ፣ ሯጮቹ ደግሞ የተረፋቸውን ሙቀት ማስወጣት አለባቸው። የሁለቱም ገላ የሚጠብቀው ግን አንድ ልክ ነው፤ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ።

ጋቢ ያሞቃል እንላለን። ሌሊቱን ወንበር ላይ ያደረ ጋቢ ጠዋት ሲነኩት ግን እንደ ወንበሩ ቀዝቅዞ ያገኙታል። ሙቀቱ የእርስዎ ነው፤ ጋቢው ቶሎ እንዳይሄድ ያቆይልዎታል እንጂ። እንዴት እንደሚያቆየው ለማየት የጋቢውን ጠርዝ በሁለት ጣት ይዘው ይፈልቅቁት። አራት እጥፍ ነው። በእያንዳንዱ እጥፍ መካከል አየር ተኝቷል። ማጉን ጠጋ ብለው ቢያዩት፣ በእንዝርት የተፈተለ ስለሆነ ለስለስ፣ ላላ ያለ ነው፤ ከላዩ ላይ የቆሙት ጥቃቅን የጥጥ ፀጉሮችም አየር ይዘዋል። የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀትን በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚያሳልፈው። ሸማኔው ጥጥ ሸመነ፣ የሚያሞቀን ግን ከጥጡ ይልቅ በጥጡ መሐል የታሰረው አየር ነው።

ፀሐይ ስትወጣ እኚያን አባት ደግመው ይመልከቷቸው። መጀመሪያ ጋቢው ከራሳቸው ይወርዳል፣ ቀጥሎ አንዱ ጫፍ ከትከሻቸው፣ አምስት ሰዓት ሲሆን ታጥፎ ክንዳቸው ላይ ነው። አየር የሚያስገባውና የሚዘጋው እጃቸው ነው። ዛሬ ብልህ ቁስ የሚባሉትን የሚሠሩ ተመራማሪዎች የሚደክሙት ይህን የእጅ ሥራ ጨርቁ ራሱ እንዲሠራው ነው።

አንደኛውን መንገድ ለመረዳት ሾላ ገበያ፣ ቅቤ ተራ መሄድ ይበቃል። ማለዳ የደረቀው ቅቤ ቀትር ላይ ይለሰልሳል፣ እጅ ሲነካው ይቀልጣል። ለጋ ቅቤ አናታቸው ላይ ያስቀመጡ እናት መጀመሪያ የሚሰማቸው ቅዝቃዜ ነው፤ ቅቤው የሚቀልጥበትን ሙቀት ከራሳቸው እየወሰደ ነውና። ጠጣር ነገር ሲቀልጥ ሙቀት ይውጣል፤ ተመልሶ ሲረጋ የዋጠውን ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ለጠፈርተኞች ጓንት ሲያስብ የተደገፈው በዚህ ሕግ ነው። በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን እንክብሎች ውስጥ የታሸገ ሰም መሰል ነገር ጨርቁ ውስጥ ይገባል። ገላ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ይረጋል። ዛሬ አንሶላና ጃኬት እየሆነ ይሸጣል። ከመግዛትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይወቁ፦ ሰሙ ቀልጦ ካለቀ በኋላ የሚውጠው ሙቀት የለም። ከቤት ወደ ውጭ፣ ከውጭ ወደ ቤት ለሚመላለስ ሰው ይጠቅማል፤ ቀኑን ሙሉ ብርድ ላይ ለሚውል ዘበኛ ግን የእኔ ምክር ጋቢና ካፖርት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ ወደ አባት እጅ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2019 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ውሃ የሚስብና ውሃ የሚገፋ ነገር አጣምረው ክር ሠሩ፣ በስስ ካርቦንም ለበጡት። የለበሰው ሰው ሲያልበው ክሩ ይኮማተራል፣ በክሮቹ መካከል ያለው ቀዳዳ ይከፈታል፣ ከገላ የሚፈልቀው የማይታይ የሙቀት ጨረርም በቀላሉ ያልፋል። ሲደርቅና ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይዘጋል። በጨርቁ የሚያልፈው ጨረር ከ35 በመቶ በላይ ይለዋወጥ ነበር። ባየሁት ቁጥር ያስደንቀኛል፤ ልብሱ ላብን እንደ ትእዛዝ ይሰማል።

ላቡን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ሰው ከዚህ የተሻለ ማቀዝቀዣ የለውም። አየሩ ራሱ በእርጥበት ከጠገበ ግን ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። መስከረም 2012 ዓ.ም. ዶሃ ላይ በዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን በእኩለ ሌሊት ተጀምሮ እንኳ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ነበር፣ አየሩም እርጥበት የተሸከመ። ከተነሱት 68 ሯጮች 28ቱ አቋረጡ፤ ሦስቱም ኢትዮጵያውያት ከእነርሱ ውስጥ ነበሩ። ከሳምንት በኋላ ወንዶቹ ሲሮጡ ሙቀቱም እርጥበቱም ቀንሶ ነበር፤ ሌሊሳ ዴሲሳ ወርቅ፣ ሞስነት ገረመው ብር አመጡ። የእነዚያ ሴቶች ጉልበት አላነሰም፤ ላባቸው የሚሄድበት አጣ።

እንጦጦ ላይ ችግሩ ይገለበጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነፋሱ ላብን በፍጥነት ያተናል፤ ሩጫው ሲቆም ግን ከውስጥ የሚመጣው ሙቀት ይቀንሳል፣ መትነኑ ይቀጥላል። በላብ የራሰ የጥጥ ካናቴራ ደግሞ አየሩን አስወጥቶ ውሃ ይይዛል፤ ውሃ ሙቀትን ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ፈጥኖ ያሳልፋል። አንድ ቅዳሜ ዳገቱን ወጥቼ፣ በራሰ ካናቴራ ከጓደኛዬ ጋር ግማሽ ሰዓት ቆሜ አወራሁ። እስከ ምሽት ድረስ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። የመንዝ ሰው ከጥጥ ይልቅ የበግ ፀጉር ባና የሚመርጠው በከንቱ አይደለም፤ የበግ ፀጉር የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ውጦም ርጥብ አይመስልም፣ እርጥበቱን ሲውጥም ጥቂት ሙቀት ይሰጣል።

ስለዚህ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ገላዎን የሚነካው ልብስ ላብ የማይዝ ስስ ፖሊስተር ይሁን፤ ከላይ ሹራብ፣ ከዚያ ነፋስ የሚከለክል ጃኬት። አንድ ደረቅ ካናቴራ ይዘው ይውጡ። ሲቆሙ፣ ገና ወሬ ሳይጀምሩ፣ የራሰውን አውልቀው ደረቁን ይልበሱ። ሯጮቹን ልብ ብለው ካዩአቸው ከሰውነት ማፍታቻ እንቅስቃሴያቸው በፊት የሚያደርጉት ይህንን ነው። ጋቢዎ መኪና ውስጥ ይጠብቅዎት፤ የሚደረበው ግን ገላዎ ከደረቀ በኋላ ነው።