ሙል ይመረታልን?

የኤሌክትሪክን ትምህርት ስናስተምር ከተማሪዎች አንደበት ደጋግመን የምንሰማው አነጋገር አለ፤ «ማመንጫው ኤሌክትሪክ ይሠራል፣ አምፖሉ ይጨርሰዋል» የሚል። እጩ መምህራን ወደ ክፍል ከመግባታችን በፊት ይህን አስተሳሰብ ከሥሩ ማረም ይገባናል።

ሙል እንደ መጠነ ቁስ ሁሉ የቁስ አካል መሠረታዊ ባሕርይ ነው። በአቶም አስኳል ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖች አወንታዊ፣ በዙሪያው ያሉት ኤሌክትሮኖች ደግሞ አሉታዊ ሙል አላቸው። መጠኑ በሁለቱም ዘንድ እኩል፣ 1.6 × 10⁻¹⁹ ኩሎም ነው። ድንጋዩም፣ ጤፉም፣ የእኛም አካል በሙል የተሞላ ነው። የማይነዝረን ሁለቱ ዓይነቶች እኩል ስለሆኑ ነው።

የፕላስቲክ እስክሪብቶ በደረቅ ፀጉር ላይ ብናሽ ብጥስጣሽ ወረቀት ይስባል። እሽታው ሙል አልፈጠረም፤ ኤሌክትሮኖችን ከፀጉሩ ወደ እስክሪብቶው አሻገረ እንጂ። አንዱ ያገኘውን ያህል ሌላው አጥቷል፤ ድምሩ ያው ነው። አቃቂ ድሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የነበረባት ስለሆነች ሌላ ምሳሌ አናጣም። በክር መፍተያ አዳራሽ ሰበቃ በክሩ ላይ ሙል ስለሚያጠራቅም አየሩ እርጥብ እንዲሆን ይደረጋል። የእስክሪብቶውም ሙከራ በክረምት እንቢ የሚለን በዚሁ በእርጥበት ምክንያት ነው፤ በበጋ እንሥራው።

አሁን ወደ ማመንጫው እንምጣ። በአቃቂ ወንዝ ላይ ያለው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ በአገራችን ከቀደምቶቹ አንዱ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ቆሞ ከታደሰ በኋላ በ2009 ዓ.ም. በ6.6 ሜጋዋት አቅም እንደገና ሥራ ጀመረ። ታዲያ ውኃው ተርባይኑን ሲያሽከረክር ኤሌክትሮን አይፈለፈልም። ኤሌክትሮኖቹ ድሮውኑ በሽቦው ውስጥ አሉ። የማመንጫ ሥራ እነሱን መግፋት ነው፤ ያውም በሴኮንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ። በክፍላችን አምፖል ውስጥ የሚወዛወዙት ኤሌክትሮኖች ከግድብ ተጉዘው የመጡ አይደሉም። ተጉዞ የሚመጣው ጉልበት ነው፤ ቆጣሪውም የሚቆጥረው እሱኑ ነው።

ተማሪው በዓይኑ እንዲያይ አንድ ደረቅ ድንጋይ፣ ትንሽ አምፖልና አምፔር መለኪያ ይበቁናል። መለኪያውን መጀመሪያ ከአምፖሉ በፊት፣ ቀጥሎ ከአምፖሉ በኋላ እናስገባው። ንባቡ አንድ ነው። 0.3 አምፔር ቢያሳይ በየሴኮንዱ 1.9 × 10¹⁸ ያህል ኤሌክትሮን ገብቶ ያንኑ ያህል ወጥቷል ማለት ነው። አምፖሉ አንዱንም አልበላም።

ለመወያያ፦ «መብራት ሄደ» ስንል በሽቦው ውስጥ የነበሩት ኤሌክትሮኖች ወዴት ሄዱ?