ከወንበር ንጽጽር ወደ ጉዞ ንጽጽር፦ ከአዲስ አበባ ለሚነሣ የቢዝነስ ክፍል መንገደኛ የአየር መንገዶች መመዘኛ

መግቢያ

ጎሮ ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በስተ ምሥራቅ ይገኛል። ከጎሮ፣ ከሰሚት ወይም ከገርጂ የሚነሣ መንገደኛ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚሄደው አጭር መንገድ ነው፤ ከባዱ ውሳኔ ከዚያ አስቀድሞ፣ ትኬት በሚቆረጥበት ጊዜ የሚወሰነው ነው። የቢዝነስ ክፍል ዋጋ ከኢኮኖሚ ክፍል ዋጋ ብዙ ጊዜ እጥፍና ከዚያ በላይ ስለሚሆን፣ ምርጫው ቢሳሳት ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ሸክሙ በርትቷል። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ የአሜሪካ ዶላር የባንክ ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ በመሆኑ፣ በዶላር የተተመነ ትኬት በብር ሲታሰብ ዋጋው በእጅጉ ንሯል።

ይህን ትኬት የሚገዙት ባለሀብቶች ብቻ አይደሉም። የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሠራተኞች፣ ለሥራ የሚመላለሱ ነጋዴዎች፣ ውጭ አገር ያሉ ልጆቻቸው ትኬት የሚልኩላቸው አረጋውያን ወላጆች፣ ተቀምጠው ረጅም ሰዓት መጓዝ የማይችሉና ለሕክምና የሚሄዱ ሕሙማን ሁሉ ይገኙበታል። ለኋለኞቹ ሁለት ወገኖች የቢዝነስ ክፍል ከቅንጦት ይልቅ ወደ አስፈላጊነት ያደላል።

አየር መንገዶችን ለማነጻጸር በተለምዶ የሚቀርቡት መለኪያዎች የወንበሩ ስፋት፣ የምግቡ ጥራት፣ የላውንጁ ምቾትና የማያ ገጹ መጠን ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው እነዚህ መለኪያዎች ሐሰት ባይሆኑም ከአዲስ አበባ ለሚነሣ መንገደኛ በቂ አይደሉም በማለት ነው። ንጽጽሩ ከወንበር ወደ ጉዞ፣ ከአየር መንገዱ ስምም ወደ አውሮፕላኑ ዓይነትና ወደ በረራው አቅጣጫ ሲሸጋገር የሚገኘው ውጤት ይለወጣል።

አንድ ስም፣ ብዙ ትርጉም

«ቢዝነስ ክፍል» የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1979 ያስተዋወቀው የአውስትራሊያው ካንታስ ነው። በመጀመሪያው ዘመን ክፍሉ ከኢኮኖሚ ሰፋ ያለ፣ ከአንደኛ ማዕረግ ያነሰ ወንበር ከመሆን አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ2000 ብሪቲሽ ኤርዌይስ ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ የሚሆን አልጋ በዚህ ክፍል አቀረበ። በ2017 ደግሞ ኳታር ኤርዌይስ «ኪውስዊት» በሚል ስያሜ የሚዘጋ በር ያለው ክፍል ሥራ ላይ አዋለ። በእነዚህ ሦስት እርምጃዎች መካከል የተሠሩት ወንበሮች ሁሉ ዛሬም በአንድ ስም እየተጠሩ ጎን ለጎን ይበርራሉ።

የስሙና የነገሩ አለመጣጣም በአንድ አየር መንገድ ውስጥም ይታያል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የቢዝነስ ክፍሉን «ክላውድ ናይን» ብሎ ይጠራዋል። ይህ ስም 30 የቢዝነስ ወንበሮች ላሉት ኤርባስ ኤ350-900ም፣ 16 ላሉት ቦይንግ 737-800ም ያገለግላል። የመጀመሪያው ለረጅም የሌሊት በረራ የተሰናዳ አልጋ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለአጭርና ለመካከለኛ በረራ የሚበቃ፣ ሰፊና ወደ ኋላ የሚያጋድል ወንበር ነው። የኤምሬትስም ሁኔታ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ባለ ሁለት ፎቁ ኤ380 የቢዝነስ ወንበሮቹን በ1-2-1 ሲደረድር፣ ብዙዎቹ የ777-300 አውሮፕላኖቹ በ2-3-2 ይደረድራሉ፤ በመሆኑም በሁለት መንገደኞች መካከል የሚቀመጥ ሦስተኛ ሰው ይኖራል። ስለዚህ «የትኛው አየር መንገድ ይሻላል?» ከሚለው በፊት «በዚህ መሥመር የሚበርረው የትኛው አውሮፕላን ነው?» የሚለው መጠየቅ ይኖርበታል።

አንድ አውሮፕላን በሦስት አየር መንገዶች

የአውሮፕላኑ ዓይነት ሳይለወጥ የአየር መንገዶችን ምርጫ ብቻ ለይቶ ለማየት ቦይንግ 787-8 ተስማሚ ምሳሌ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ2012 ተረክቦ በአፍሪካ ቀዳሚ ሲሆን፣ የኬንያ ኤርዌይስና የኳታር ኤርዌይስም ይጠቀሙበታል።

በኢትዮጵያ አየር መንገድ የተለመደ አደረጃጀት አውሮፕላኑ 24 የቢዝነስና 246 የኢኮኖሚ፣ በድምሩ 270 ወንበሮች አሉት። በኬንያ ኤርዌይስ 30 የቢዝነስና 204 የኢኮኖሚ፣ በድምሩ 234 ነው። በኳታር ኤርዌይስ ደግሞ 22 የቢዝነስና 232 የኢኮኖሚ፣ በድምሩ 254 ነው። የቢዝነስ ወንበሮች ድርሻ በመቶኛ ሲሰላ በኢትዮጵያ 8.9፣ በኬንያ 12.8፣ በኳታር 8.7 ይሆናል።

ቁጥሮቹ የንግድ ስልትን ያሳያሉ። በዚህ አውሮፕላን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ብዙ መንገደኛ አሳፍሮ በአዲስ አበባ በኩል ለማስተላለፍ የሚያመች አደረጃጀት መርጧል። የኬንያው አየር መንገድ የመንገደኛውን ቁጥር ቀንሶ የቢዝነስ ድርሻውን አሳድጓል። የኳታሩ ግን ድርሻውን ሳያሳድግ ለእያንዳንዱ የቢዝነስ መንገደኛ የሚሰጠውን ቦታ አስፍቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በዚሁ አልቆመም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የተረከበው ኤ350-1000 ከ395 ወንበሮቹ 46ቱን፣ ማለትም 11.6 በመቶውን፣ ለቢዝነስ መድቧል።

ለመንገደኛው ይበልጥ የሚታወቀው ልዩነት ግን በአደራደሩ ላይ ነው። የኢትዮጵያና የኬንያ 787-8 የቢዝነስ ወንበሮች በ2-2-2 ይደረደራሉ። በአንድ ረድፍ ካሉት ስድስት መንገደኞች በመስኮት በኩል ያሉት ሁለቱ ወደ መተላለፊያው ለመውጣት ጎረቤታቸውን ማለፍ አለባቸው። ይህም ከ24ቱ የኢትዮጵያ ወንበሮች 8ቱን፣ ከ30ዎቹ የኬንያ ወንበሮች 10ሩን ይመለከታል፤ በሁለቱም አንድ ሦስተኛ ነው። በ2-3-2 አደራደር ከሰባቱ ሦስቱ፣ ማለትም 43 በመቶው፣ በዚሁ ችግር ውስጥ ናቸው። በኳታር 1-2-1 አደራደር ግን ማንም ማንንም አያልፍም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቅርብ ዓመታት ካስገባቸው ኤ350ዎች አንዳንዶቹም ይህንኑ አደራደር ይዘው መጥተዋል።

ለወጣት መንገደኛ ይህ ልዩነት ትንሽ ሊመስል ይችላል። ሌሊት ደጋግመው ወደ መጸዳጃ ቤት ለሚነሡ አዛውንት ወይም እግሩ ለታመመ ሰው ግን ዋና ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ በ2-2-2 አደራደርም ችግሩ መፍትሔ አለው፤ የመተላለፊያ ዳር ወንበር አስቀድሞ መምረጥ ይበቃል። ጥንድ ሆነው የሚጓዙ ባልና ሚስት ወይም እናቱን አጅቦ የሚሄድ ልጅ ደግሞ ከተለያየ ክፍል ይልቅ ጎን ለጎን የተጣመረውን ወንበር ሊመርጡ ይችላሉ።

የቦሌ ከፍታና ያልተቋረጠ እንቅልፍ

የሌሊት በረራ የቢዝነስ ትኬት የሚሸጠው በዋናነት እንቅልፍን ነው። ስለሆነም ለንጽጽሩ መለኪያ ሆኖ የሚቀርበው ሳይቋረጥ ሊተኛ የሚቻልበት ሰዓት ነው። ለስሌቱ እንዲመች ከእያንዳንዱ በረራ ለመነሻ፣ ለምግብና ለማረፊያ ዝግጅት 2 ሰዓት ይቀነስ።

ከአዲስ አበባ ወደ ለንደን የሚደረገው ቀጥታ በረራ 7 ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚቀረው እንቅልፍ 5 ሰዓት ተኩል ነው። በዶሃ ወይም በዱባይ በኩል ቢኬድ የመጀመሪያው በረራ 4 ሰዓት ገደማ በመሆኑ የሚተኛው 2 ሰዓት ብቻ ነው፤ ሁለተኛው በረራ ወደ 5 ሰዓት የሚጠጋ እንቅልፍ ይሰጣል። ድምሩ ቢበልጥም እንቅልፉ በመካከል በትራንዚት ይቆረጣል። በዚህ መሥመር በር ያለው ክፍል የቀጥታውን በረራ ጥቅም አይተካም።

የዋሽንግተን መሥመር ግን የተለየ ነው፤ ምክንያቱም የቦሌ ከፍታ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው 20 በመቶ ያህል ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚያገኘው የማንሣት ኃይልም፣ ሞተሩ የሚሰጠው ግፊትም ይቀንሳል። አውሮፕላኑ ከባሕር ጠለል አጠገብ ይዞት ሊነሣ የሚችለውን ክብደት ከቦሌ ይዞ መነሣት ያዳግተዋል። እስከ ዋሽንግተን ያለው ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ወደ ምዕራብ ሲኬድ ነፋሱም በአብዛኛው ከፊት ይመጣል። በዚህ የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚያደርጋቸው በረራዎች እንደ ደብሊንና ሎሜ ባሉ ከተሞች እያረፉ ሲሄዱ ቆይተዋል። የዋሽንግተኑ ደለስ ማረፊያ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስለሚገኝ መልሱ በቀጥታ ይመጣል።

ስሌቱ ከዚህ በኋላ እንደ አቅጣጫው ይለያያል። በመሄጃው በደብሊን በኩል ቢታረፍ እንቅልፉ በሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል 6 ሰዓት ገደማ ይሆናል። በዶሃ በኩል የሚሄድ መንገደኛ መጀመሪያ 2 ሰዓት ብቻ ቢተኛም፣ ከዶሃ ወደ ዋሽንግተን በሚደረገው የ14 ሰዓት ገደማ በረራ ሳይቋረጥ 12 ሰዓት ማረፍ ይችላል። በመልሱ ግን ከዋሽንግተን በቀጥታ አዲስ አበባ የሚደርሰው በረራ 12 ወይም 13 ሰዓት ስለሚወስድ ከ10 ሰዓት ያላነሰ ያልተቋረጠ ዕረፍት ይሰጣል፤ መንገደኛውም ሲነቃ አገሩ ገብቷል። በአንድ መሥመር ላይ እንኳ የመሄጃውና የመመለሻው ብልጫ ያለው አየር መንገድ አንድ አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

ከወንበር ውጭ ያሉ ጉዳዮች

ምግብ በንጽጽር ውስጥ የሚገባው ብዙውን ጊዜ በጣዕሙ ነው። ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ግን ከጣዕም በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንም ለሚጾም ሰው ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ምግብ ያስፈልጋል። በውጭ አየር መንገዶች ይህን ለማግኘት የሚቻለው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ የሆነውን ልዩ ምግብ ከጉዞው በፊት በማዘዝ ነው፤ ከወተት ጋር የሚቀርበውን የአትክልት ምግብ ማዘዝ ለጿሚው አይሆንም። ለሙስሊም መንገደኛ ደግሞ የኤምሬትስና የኳታር ምግቦች ሁሉ ሐላል በመሆናቸው የተለየ ትእዛዝ አያሻም፤ በሌሎች ዘንድ አስቀድሞ ማሳወቅ ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ እገዛ ነው። አረጋውያንን የሚልኩ ቤተሰቦች ወላጃቸው በተሽከርካሪ ወንበር እንዲታገዙ በማሰብ ብቻ የቢዝነስ ትኬት ሊገዙ ይችላሉ። ይህ አገልግሎት ግን በማንኛውም ክፍል ለሚጓዝ ሰው ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚሰጥ ስለሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይበቃል። የውጭ ቋንቋ ለማያውቁ እናት በትልቅ የትራንዚት ማረፊያ በር መፈለግ ከወንበር መጥበብ የከፋ ፈተና ነው። ለእርሳቸው በቋንቋቸው የሚያናግራቸው አስተናጋጅ ያለበት ቀጥታ በረራ ከሌሎቹ መመዘኛዎች ሁሉ ይቀድማል።

የድርጅቶች ደንብ

የኢኮኖሚ ኮሚሽን ለአፍሪካ መቀመጫ በሆነችው አዲስ አበባ የድርጅቶች ደንብ በትኬት ገበያው ላይ ድርሻ አለው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመሪያ ለአብዛኛው ሠራተኛ የቢዝነስ ክፍልን የፈቀደው በሰዓት ለክቶ ነው፤ ለአንድ ቀጥታ በረራ 9 ሰዓት፣ በትራንዚት ለሚደረግ ጉዞ 11 ሰዓት። በዚህ መለኪያ የለንደን ቀጥታ በረራ ከወሰኑ በታች፣ የዋሽንግተን ጉዞ ከወሰኑ በላይ ይውላል። ደንቡ ሰዓትን መነሻ ማድረጉ ትክክለኛ አቅጣጫ ነው። ሆኖም ሰዓቱ በቀን ይሁን በሌሊት፣ በአንድ ይሁን በሁለት የተከፈለ፣ በአልጋ ይሁን በወንበር አይለይም። የራሳቸውን የጉዞ ደንብ የሚያዘጋጁ የአገር ውስጥ ተቋማት ይህን ልዩነት ቢያካትቱ፣ የቀን በረራን በኢኮኖሚ፣ በማግሥቱ ሥራ የሚያስገባውን የሌሊት በረራ ደግሞ በቢዝነስ በመፍቀድ ውስን የውጭ ምንዛሪያቸውን ጥቅሙ ጎልቶ በሚታይበት ላይ ማዋል ይችላሉ።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ንጽጽር አንድን አየር መንገድ በሁሉም ረገድ አሸናፊ አያደርግም። በወንበር አደራደር የኳታር ኤርዌይስ ብልጫ ግልጽ ነው፤ ከአዲስ አበባ በቀጥታ በሚደረሱ መዳረሻዎችና ከሰሜን አሜሪካ በሚመለሱ በረራዎች የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተሻለ ዕረፍት ይሰጣል። በዚህም ምክንያት ከክፍያ በፊት በቅደም ተከተል ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች አራት ናቸው። በረራው ቀጥታ ነው ወይስ በመካከል ያርፋል? ረጅሙ በረራ የሚውለው በሌሊት ነው ወይስ በቀን? በመሥመሩ ላይ የተመደበው አውሮፕላን ምን ዓይነት ነው፣ ወንበሮቹስ እንዴት ተደርድረዋል? መንገደኛው ራሱ ማን ነው፣ ምንስ ያስፈልገዋል? የላውንጁና የማያ ገጹ ጉዳይ ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። አራቱን ጥያቄዎች ለትኬት ወኪሉ ያቀረበ ቤተሰብ ብዙ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የሚገዛውን ነገር ያውቃል፤ አንዳንድ ጊዜም የኢኮኖሚ ትኬት ከመተላለፊያ ዳር ወንበርና አስቀድሞ ከተጠየቀ እገዛ ጋር በቂ ሆኖ ያገኘዋል።